የቅዳሜው የብስክሌት ጉዟችን ደጀን ይኑረው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በብርድ ወራት ቅዳሜ ቅዳሜ የምናደርገውን የብስክሌት ጉዞ ማስታወቂያ ጋዜጣችሁ በየጊዜው በማውጣቱ ብዙ አዳዲስ ሰዎች ተቀላቅለውናልና ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያስገደደኝ ግን ባለፈው ታኅሣሥ ከጉዞው ስንመለስ አንዲት እህታችን ብቻዋን በጨለማ መቅረቷ ነው።

ስፍራውን ለማያውቁ አንባብያን ጥቂት ልበል። የምንነዳበት መንገድ ከጆርጅታውን ተነሥቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ ሜሪላንድ ውስጥ እስከምትገኘው ከምበርላንድ ድረስ 184.5 ማይል የሚዘልቀው የቼሳፒክና ኦሃዮ ካናል ዳርቻ ሲሆን፣ ድሮ በቅሎዎች የድንጋይ ከሰል የጫኑ ጀልባዎችን በገመድ የሚጎትቱበት ነበር። የካናሉ ቁፋሮ እ.ኤ.አ. በ1828 ተጀምሮ በ1850 ከምበርላንድ ደረሰ፤ ከ1924ቱ ጎርፍ በኋላ ግን የጀልባው ሥራ ቆመ። ቆይቶም ስፍራው የመኪና መንገድ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይህን የተቃወሙት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ በ1954 ጋዜጠኞችን አስከትለው ከከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተን በእግራቸው ባይጓዙ ኖሮ ዛሬ በዛፎቹ መካከል የምንነዳበት መንገድ ባልኖረን ነበር። ካናሉ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ የሆነው በ1971 ነው።

መንገዱ አስፋልትም መብራትም የለውም። በአንድ በኩል ካናሉ፣ በሌላው በኩል ወደ ወንዙ የሚወርደው ቁልቁለት ስላለ በብዙ ቦታ ገሸሽ ማለት አይቻልም። በብርድ ወራት ደግሞ ሌሊት በብርድ የጠጠረው መሬት እኩለ ቀን ላይ ይቀልጥና ጭቃ ይሆናል፤ ማታ ተመልሶ ይጠጥራል። የረገፈው ቅጠል ሥሩንና ድንጋዩን ስለሚሸፍን ለዓመታት የነዳ ሰው እንኳ ይሳሳታል። በታኅሣሥ መጀመሪያ ፀሐይ የምትጠልቀው በሀገራችን አቆጣጠር ለ11 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነው፤ ፓርኩም ለጎብኚዎች ክፍት የሚሆነው በብርሃን ሰዓት ብቻ ነው።

በዚያ ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ልንነሣ ተቀጣጥረን የተነሣነው እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ነበር። መድረሻችን ግሬት ፎልስ ከጆርጅታውን 14 ማይል ርቀት ላይ ስለሆነ በዚያ ጭቃ ሄዶ ለመመለስ የቀረን ብርሃን በቂ እንዳልሆነ ማሰብ ነበረብን፤ አላሰብንም። ስንመለስ ብርታት ያላቸው ከመሪው ጋር ወደፊት ገሰገሱ፤ እኔም ከእነርሱ ጋር ነበርሁ። እህታችን መጉደሏን ያወቅነው ፍሌቸርስ ኮቭ ደርሰን ስንቆጠር ነው። ቢደወልላት ስልኳ አይሠራም፤ ባትሪው በብርዱ ሞቶ ኖሯል።

ከአንድ ወንድም ጋር ተመልሰን ያገኘናት ግሌን ኤኮ አጠገብ፣ ለጀልባዎች ውኃውን ከፍ ዝቅ ያደርጉ ከነበሩት የካናል በሮች ሰባተኛው ጋ ነው። የኋላ ጎማዋ ተንፍሶ፣ በጎማውና በፍሬኑ መካከል የገባው ጭቃ ጠጥሮ አልሽከረከር ስላላት ብስክሌቱን በትከሻዋ ተሸክማ ሦስት ማይል ያህል በእግሯ መጥታለች። የለበሰችው ስስ የሹራብ ጓንት ርሶ እጇ ላይ በብርዱ ጠጥሮ ነበር፤ ጓንቱን አውልቄ የራሴን ሳጠልቅላት ጣቶቿ አልታጠፉላትም። ያላት ይህን ብቻ ነው፦ «እያንዳንዱን ጥላ ሳይ የምትመጡት እናንተ መሰላችሁኝ።»

አንዳንድ ወዳጆቼ «ዐዋቂ ሰው ራሱን ይጠብቅ» ብለው ሲከራከሩኝ ሰምቻለሁ፤ አልቀበለውም። ይህች ሴት አዳሯን አረጋውያን ስትጦር አድራ፣ ከቤት መዋል ልቤን አከበደው ብላ፣ በማስታወቂያችን ተማምና የመጣች ናት። «በኅብረት እንሄዳለን» ብለን የጠራነውን ሰው ጎማው ሲተነፍስ ብቻውን ከተውነው በኅብረት አልሄድንም።

ስለዚህ አስተባባሪዎቹን የምለምነው የድሮ ሠራዊት ከኋላ ደጀን እንደሚያቆም ሁሉ፣ ለጉዟችንም መለዋወጫ የውስጥ ጎማና መንፊያ ይዞ ከሁሉ በኋላ የሚነዳ፣ ማንንም የማያልፍ ሰው እንዲሾም ነው። መመለሻ ሰዓቱም ከመነሣታችን በፊት ይታወቅ፤ የታሰበው ቦታ ላይ ባንደርስም ሰዓቱ ሲሞላ እንመለስ። ለጀማሪዎች እስከ ፍሌቸርስ ኮቭ ያለው ሦስት ማይል ይበቃል። በተጨማሪም በየማይሉ የቆሙትን ቁጥር ያለባቸው ምልክቶች እንዲያስተውል ለእያንዳንዱ ተጓዥ ይነገረው፤ አደጋ ቢደርስ ለ911 ያለበትን ቦታ በዚያ ቁጥር ማስረዳት ይችላልና።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የጉዞውን ማስታወቂያ ስታወጡ ከመነሻው ሰዓት አጠገብ የመመለሻውን ሰዓትና የደጀኑን ስም አብራችሁ አትሙልን። ለሚመጣው ቅዳሜ የእኔን ስም ልታስገቡ ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ