የሒሳብ ክበብ፦ በአምስተኛው ሙከራ ዜሮ ቀረ

የሒሳብ ክበብ ዘንድሮም ዋንጫ አላመጣም። ድራማ ክበብ መድረክ፣ ስፖርት ክበብ ሜዳ አላቸው፤ የእኛ ሥራ ግን ሰሌዳ ላይ ተጽፎ እዚያው በዳስተር ይጠፋል። ስለዚህ አንዱን እንኳ ሳይጠፋ ልጻፈው።

እንደ ወትሮው ሥራ አስፈጻሚ መረጥን፣ የጥያቄና መልስ ውድድር አካሄድን፣ ማጠናከሪያ ሰጠን። በፈተና ሰሞን መሰብሰቢያ ክፍላችን ለሌላ ሥራ ተፈልጎ ለሳምንታት ሳንገናኝ ቀረን፤ ጥቂት አባላትም በዚያው ጠፉ።

የዓመቱ ዋና ሥራችን 4294967297 ነው። አዎ፣ አንድ ቁጥር። 32 ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲደመርበት ይገኛል። የሁለቶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሲሆን የሚመጡት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ሁሉም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር አካፋይ የላቸውም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማም እ.ኤ.አ. በ1640 ተከታዮቹም እንዲሁ ናቸው ብሎ ገመተ። ልጆቹን እስቲ ፈትሹት አልኳቸው።

ያለን አንድ ካልኩሌተር 8 አኃዝ ብቻ ያሳያል፤ ቁጥሩ ደግሞ 10 አኃዝ ነው። በእጅ አካፈልን። (በእጅ መሥራቱ ጠቀማቸው፤ ይህ ግን ካልኩሌተር አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጥያቄያችን ካምና ጀምሮ አለ።) በ3፣ በ7፣ በ11፣ በ13 እያሉ ሄደው ሲሰለቹ የስዊዘርላንዳዊውን የሒሳብ ሊቅ የኦይለርን ፍንጭ ሰጠኋቸው፦ ብቸኛ ቁጥር የሆነ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ለ64 ሲካፈል 1 ይቀረዋል። 65ን፣ 129ን የመሳሰሉትን ብቸኛ ስላልሆኑ ጥለው 193፣ 257፣ 449፣ 577 እና 641 ቀሩ።

የመጀመሪያዎቹን አራት ደፋሮቹ ተሻሟቸው፤ ሁሉም ቀሪ አግኝተው ተቀመጡ። 641 የደረሳት ዓመቱን ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ ዝም ብላ የምትቀመጥ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አንዴ ተሳስታ አጥፍታ እንደገና ጀመረች። የመጨረሻዋን 7 አውርዳ 4487 ስትጽፍ እጇ ቆመ። ቀና ብላ የላይኛውን መስመር አየች፤ 641 በ7 ሲባዛ 4487 መሆኑን እዚያ ጽፋዋለች። ምንም ሳትናገር ዜሮ ጻፈች። ድርሻው 6700417። ክፍሉ በጭብጨባ ሲናጋ እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «ቲቸር፣ ፌርማ አምስቱን መሞከር አቅቶት ነው?» ኦይለር ግምቱን ያፈረሰው እ.ኤ.አ. በ1732፣ ከ92 ዓመት በኋላ ነው። ምን ልበላት? እስካሁንም መልስ የለኝም።

አሁን ቀጣዩን ጀምረዋል፦ 18446744073709551617። በሰሌዳችን አንድ መስመር አይበቃውም፤ ባለ ካሬ ደብተርና ሁለት ሦስት ደህና ካልኩሌተር የሚሰጠን ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ቢገኝ ደስ ይለናል። ይህ ቁጥር በአካፋዮቹ የተበተነው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። አካፋዩን አውቀዋለሁ፣ ግን እዚህ አልጽፈውም፤ ልጆቹ ይህን መጽሔት ያነባሉ።