የፈረስ እከክ ሕክምና ከጥር 23 በፊት እንዲጀመር
ግልጽ ደብዳቤ ለአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ግብርና መምሪያ፣ እንጅባራ

ጥር 23 ለፈረሰኞች በዓል ከየወረዳው የሚመጣው ፈረስ እንጅባራ ላይ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ይቆማል። ልጓም የጎደለው ከጎረቤቱ ይዋሳል፤ ግላሱም እንዲሁ። እከክ የሚሻገረው በዚህ ነው። ወቅቱ ብርድ መሆኑና የፈረሱ ጸጉር መርዘሙ ደግሞ እከኩን ለሚያመጣው ጥቃቅን የቆዳ ተባይ ይመቸዋል። ፈረስ ሞፈር በሚስብበት አገር ጉዳቱ ከበዓሉ አልፎ እርሻው ድረስ ይዘልቃል።

የምንጠይቀው የእከክ ሕክምናው ታኅሣሥ 11 እንዲጀመር ነው። የእከክ መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ተባዩን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። እንቁላሉ በጥቂት ቀን ይፈለፈላል፤ ተባዩ አድጎ ራሱ እንቁላል እስኪጥል ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሁለተኛው ዙር በ14ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 25 ይሰጥ። ቅርፊቱ ላልለቀቀው ጥር 9 ይደገም። አንድ ጊዜ ብቻ ሲሰጥ ማሳከኩ ይበርድና ባለቤቱ ዳነልኝ ይላል፤ ወር ሳይሞላው ሲመለስበት የሚታማው መድኃኒቱ ነው። በአንድ ግቢ የሚያድር ፈረስ፣ በቅሎና አህያ ሁሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይታከም።

መጠኑ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው። ሚዛን ከሌለ ሜትር ይበቃል፦ ከፊት እግሮቹ ኋላ የደረቱን ዙሪያ በሳንቲሜትር ለክቶ በራሱ ማባዛት፣ ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ባለው ርዝመት ደግሞ ማባዛት፣ ከዚያ ለ11,880 ማካፈል። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 125 የሆነ ፈረስ 221 ኪሎ ይመጣል፤ 44 ሚሊግራም ይበቃዋል። በዓይን ገምቶ ማሳነስ ተባዩን ከመድኃኒቱ ጋር ማለማመድ ነው፤ ስለዚህ በአፍ የሚሰጠው ቅባት በያዘው መስጫ ላይ ካሉት የኪሎ መስመሮች ከፈረሱ ክብደት ወደ ላይ ያለው ይያዝ። ለ600 ኪሎ የተዘጋጀ የአፍ ቅባት ለሁለት እንዲህ ላሉ ፈረሶች ይበቃል። በአፉ ድርቆሽ ካለ መድኃኒቱን አብሮ ይተፋዋል፤ አፉ ባዶ ይሁን፣ ቅባቱ ምላሱ ሥር ይግባ፣ እስኪውጠውም ጭንቅላቱ ቀና ተደርጎ ይያዝ።

ለከብት የተሠራው የአይቨርሜክቲን መርፌ ፈረስ ላይ አይወጋ፤ ጡንቻው አብጦ ሊመግል ይችላል። ከዚያ የባሰው ለመዥገር የሚረጨው አሚትራዝ ነው። የፈረስን አንጀት ሥራ ያስቆማል፤ በሆድ ቁርጠት የሚሞት አለ። የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባትም ቆዳ ከማቃጠል ያለፈ ጥቅም የለውም።

ቆዳው ላይ የሚታየው ሁሉ እከክ አይደለም፤ ጭርትም ቅማልም ጸጉር ያራግፋሉ። ባለሙያው ስለት ላይ ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ከቁስሉ መሀል ሳይሆን ከዳሩ፣ ደም እስኪያዥ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ይይ። የእከክ ተባዩ ሦስት ዓይነት ነው። ሳርኮፕተስ የሚባለው ቆዳ ውስጥ ስለሚቦረቡር አንዳንዴ አይገኝም፤ ፊቱ፣ አንገቱና ትከሻው ክፉኛ የሚያሳክከው ፈረስ ተባዩ ባይገኝበትም ይታከም። ሰውንም ስለሚያሳክክ የሚይዘው ሰው ጓንት ያድርግ። ሁለተኛው፣ ሶሮፕተስ፣ ጋማና የጭራ ሥር ይወዳል። ሦስተኛው፣ ኮሪዮፕተስ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች ይሰፍራል፤ ፈረሱ ቆሞ መሬቱን በኮቴው ሲደበድብ እሱን ይጠርጥሩ። የሚኖረው ከቆዳው ላይ ስለሆነ በአፍ የሚሰጠው መድኃኒት ብዙም አይደርሰውም፤ የእግሩ ጸጉር ተሸልቶ በኖራና ድኝ ውህድ፣ 2 በመቶ፣ በየሳምንቱ ለአራት ሳምንት ይታጠብ።

ግላሱ በፈላ ውኃ ይታጠብ። ጠፍርና ልጓም አይቀቀልም፤ በሳሙና ተፈግፍጎ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ሦስት ሳምንት ሳይነካ ይቀመጥ። ታኅሣሥ 25 የታጠበ ዕቃ ለበዓሉ ይደርሳል። ጉዝጓዙም በየዙሩ ይውጣና ይቃጠል።

በበዓሉ መግቢያ ላይ ጋማ ሥርና ትከሻ የሚዳስስ ባለሙያ ይመደብ፤ ቅርፊት ያለበት ፈረስ፣ ጌጡ ምንም ቢያምር፣ ይመለስ። የገቡትን ደግሞ የካቲት 14 በየቀበሌያቸው መልሶ ማየት ያስፈልጋል።

ቅባቱ ታኅሣሥ 11 በየወረዳው ክሊኒክ እንዲገኝ ግዥው ኅዳር ሳይገባ ይጠየቅ፤ ሦስቱ ቀኖችም በየገበያው ይለፈፉ።

በእንስሳት ጤና ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች