ለደንበኞቻችን በሙሉ፦ ውስጡን ስለሚያሳየው የካም ጊር ከቨር

ሰላም ውድ ደንበኞቻችን፣ እንዴት ናችሁ። ለማታውቁት፣ ካም ጊር ማለት ካሙን (የሞተሩን ቫልቮች ሚከፍተውን ዘንግ) ሚያዞረው ጥርሳም ጎማ ነው፣ እሱን ደግሞ ታይሚንግ ቤልት የሚባለው ባለ ጥርስ ቀበቶ ያዞረዋል፣ እኛ ምንሰራው ከላያቸው ሚገጠመውን፣ ውስጡን ሚያሳይ ክዳን ነው። ይሄን ደብዳቤ የምንጽፈው ሰሞኑን "ከቨሩ ለምን ተወደደ፣ ድሮ በሁለት ቀን ትሰጡን አልነበር፣ አሁን ሳምንት ምን ያስፈጃል" የሚለው ጥያቄ ስለበዛብን ነው። አዳማ ወርክሾፓችን ለመጣችሁት እቃውን እያሳየን አስረድተናል፣ ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ለምታዙን ግን በስልክ ማስረዳት አቃተን፣ አንዱ እንደውም ተናዶ ዘጋብን (አልተቀየምንም፣ መልሰህ ደውል)።

ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። መጀመሪያ የሰራናቸው ከቨሮች አክሪሊክ ናቸው፣ ያው የሱቅ ታፔላ ሚሰራበት ነገር። ያበራል፣ ለመቁረጥ ቀላል ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው። ችግሩ 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል። እኛ ደግሞ "ሞተር 90 ላይ ነው ሚሰራው፣ ይችለዋል" ብለን ነበር፣ ያላሰብነው መኪናው ከቆመ በኋላ ያለውን ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በፍጥነት መንገዱ ያለውን 85 ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ ንፋስ ኮፈን ስር እየገባ ያቀዘቅዛል፣ አዳማ ገብታችሁ ማኪያቶ ልትጠጡ ሞተር ስታጠፉ ግን ውሃው አይዞር፣ ንፋስ የለ፣ ያ ሁሉ ሙቀት መውጫ አጥቶ እዛው ይታፈናል፣ ቱርቦ ካለውማ አትጠይቁኝ። አንድ ባለ ፎር ጂ ሲክስቲ ስሪ (የሚትሱቢሺ ሞተር ነው) ደንበኛችን "ሽርር ሚል ድምጽ አለ" ብሎ መጣ፣ ፈተን ስናየው የከቨሩ ጠርዝ እንደ ደረቀ ቂጣ ተቆልምሟል፣ ውስጡ ላይ ደግሞ ቤልቱ እያሻሸ ያሰመረው ጥቁር መስመር፣ ጣት ሲነካው ጥላሸት። እዛ ሞተር ላይ ታይሚንግ ቤልት ከዘለለ ፒስተኑ ከቫልቭ ጋር ይጋጫል፣ ለጌጥ ተብሎ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይ ክፍል) ማስወረድ ማለት ነው። የዛን ቀን አክሪሊክ በቃን።

አሁን ምንሰራው በፖሊካርቦኔት ነው። እሱ እስከ 130 ዲግሪ አካባቢ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ በመዶሻ ብትመቱትም በቀላሉ አይሰበርም፣ ግን ሲሰሩት ያስለቅሳል። ለምን መሰላችሁ፣ ሺቱ (ገና ያልተሰራው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ) ዝም ብሎ ተቀምጦ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበቱ ሳይወጣ ካሞቅነው ውስጡ እንደ አምቦ ውሃ አረፋ ይሞላል። ስለዚ መጀመሪያ 120 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለሰዓታት ማድረቅ፣ ቀጥሎ ወደ 180 እና 190 አሙቆ ከኦሪጅናሉ ከቨር ባወጣነው የጀሶ ሞልድ ላይ ጥሎ አየሩን ከስር በፓምፕ መምጠጥ። መሃል ላይ መብራት ከሄደ በቃ፣ እንደገና ከማድረቅ ይጀመራል። ደግሞ አቧራ አለ፣ የአዳማ ንፋስ ተርባይን ሲያዞር እንወደዋለን፣ ወርክሾፕ ሲገባ ግን ሞልዱ ላይ ያረፈች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከቨሩ ላይ ብጉር ሆና ትቀራለች። ለዛ ነው ቫኪዩሙን (አየር መምጠጡን) ንጋት ላይ፣ ንፋስ ሳይነሳ ምንሰራው። ሳምንቱን ሚፈጀው ይሄ ነው፣ ዋጋውንም የጨመረው ሺቱና የሚበላሽብን ነው።

ብዙዎቻችሁ "የቡሎኑ ቀዳዳ ሰፋ፣ በደንብ አልለካችሁም" ትሉናላችሁ። አውቀን ነው። ፖሊካርቦኔት ሲሞቅ ከአሉሚኒየም ሦስት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ 30 ሳንቲ ርዝመት ያለው ከቨር በ70 ዲግሪ ቢሞቅ ከሞተሩ በ1 ሚሊ ያህል ይበልጣል። ለ6 ሚሊ ቡሎን 8 ሚሊ ምንበሳው ያ 1 ሚሊ መሄጃ እንዲያገኝ ነው። ስለዚ ከነጎማ ዋሸሩ በእጅ አጥብቃችሁ፣ በቁልፍ ትንሽ ጨምራችሁ ተዉት፣ "ላጥብቀው" ያለ መካኒክ ሁሉ ሰንጥቆ ነው ሚመልስልን።

ቡሎን እንዳይላላ ተብሎ ጥርሱ ላይ ሚቀባው ፈሳሽ ማጣበቂያም አይሆንም፣ ለብረት ጥሩ ነው፣ ፖሊካርቦኔትን ግን ይበላዋል፣ ሳምንት ሳይሞላ ከቀዳዳው ዙሪያ የሸረሪት ድር ሚመስል ስንጥቅ ይጀምራል። ቤንዚንም እንደዛው። ላቫጆ ስትገቡ ልጆቹ ቤንዚን የነከረ ጨርቅ ይዘው ሞተሩን እንዳይነኩባችሁ ቁሙና ተመልከቱ፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

ስለ መኪና አይነት ደግሞ፦ የቪትዝ የምትጠይቁን በጣም ብዙ ናችሁ፣ ቪትዝ በቤልት ፋንታ ሰንሰለት ነው ያለው፣ ሰንሰለቱ ዘይት ውስጥ ነው ሚዞረው፣ ከቨሩን ብንሰራው ሚታየው ዘይት ሲንጣጣ ብቻ ነው፣ ለዛውም ካልፈሰሰ። የድሮ ኮሮላ ፎር ኤ ኤፍ ኢ ቤልት አለው፣ ይሆናል፣ ግን ቤልቱ ሚያዞረው አንዱን ካም ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን ውስጥ ያለ ጊር ነው ሚያዞረው፣ ስለዚ ሁለት ባለቀለም ጊር አያለው ብላችሁ እንዳትከፍሉ። ባለፈው አንድ ጋሼ ከሞጆ ድረስ መጥተው ገጥመንላቸው "ሌላኛውስ የት ሄደ" አሉን፣ እኛም ቀድመን ሳንነግራቸው ስላፈርን ሻይ ጋብዘን ግማሹን ብር መለስን። የቶዮታ ፎር ኤ ጂ ኢ፣ የሆንዳ ቢ ሲክስቲን፣ ባለ ሁለት ካሙ ፎር ጂ ሲክስቲ ስሪ፣ የኒሳን አር ቢ ትዌንቲ ሲክስ፣ እነዚህ ሁለቱንም ያሳያሉ።

ፈረስ ጉልበት ይጨምራል ወይ ለምትሉ፣ አንድም አይጨምርም። ያመጣው ጥቅም ቢኖር የካም ሲል (ካሙ ጋር ዘይት እንዳይወጣ ሚይዘው ጎማ) ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ቤልቱ ሳይበላሽ ቀድማችሁ ታያላችሁ። ቤልቱን ግን በዓይን አይታችሁ "ገና ነው" እንዳትሉ፣ ጥርሱ ስር ያለው ስንጥቅ ከውጪ አይታይም፣ ኪሎ ሜትሩ ሲደርስ ይቀየር። ከቨሩን ጭራሽ አውልቆ መንዳት ያምረናል ለምትሉ ወጣቶችም፣ አንዲት ጠጠር ከወንጂ መንገድ ተነስታ ቤልትና ጊር መሃል ብትገባ እኛ የለንበትም።

አክሪሊኩ በእጃችሁ ያለ እንዲህ ለዩት፣ አዲሱ ከውስጥ በኩል ታችኛው ጥግ ላይ "ፖ" ሚል ፊደል ተጭሯል። ፊደሉ ከሌለ አሮጌው ነው፣ ፈታችሁ ላኩልን፣ በነጻ እንቀይራለን፣ የመላኪያውን ብቻ እናንተ ቻሉ። እስከዛው ኦሪጅናሉን ግጠሙበት። ጥላችሁት ከሆነ ደውሉ፣ ካለን እናውሳችኋለን።

አዲስ ምታዙ ደግሞ እባካችሁ ፎቶ ስትልኩ ኮፈን ከፍታችሁ ሞተሩን ከጎን፣ ከቡሎኖቹ ጋር አንሱልን፣ መኪናውን ከፊት አንስቶ "ይሄ ነው" ሚለን አለ፣ ቆንጆ መኪና ነው፣ ግን ከዛ ላይ ምንም መለካት አንችልም።

ከአዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ካለው ወርክሾፓችን