ስለ ፑቪ ደ ሻቫን «ቅዱስ ደን» ለአባላት የተላከ ማስታወሻ

የተከበራችሁ የሥዕል ወዳጆች ማኅበራችን አባላት፣

በመጪው ስብሰባ የምንወያይበት ሥዕል፣ ፈረንሳዊው ፒየር ፑቪ ደ ሻቫን እ.ኤ.አ. በ1884 ለትውልድ ከተማው ለሊዮን የሥነ ጥበብ ሙዚየም መወጣጫ ደረጃ ግድግዳ የሠራው፣ ዘጠኙን የግሪክ የጥበብ እንስት አማልክት በውኃ ዳር ሰብስቦ የሚያሳየው «ቅዱስ ደን» ነው። ግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሣለ ቢመስልም በሸራ ተሠርቶ የተለጠፈ ነው፤ ፈዘዝ ያሉት ቀለማቱም ሥዕሉ ከግድግዳው ጋር ተስማምቶ ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲታይ ታስበው የተመረጡ ናቸው። ወርቃማው ሰማይ በውኃው ላይ ሲያርፍ፣ ከላይ ሁለት ሴቶች በአየር ሲንሳፈፉ ልብ በሉ። ለእኔ ዝምታው ከውበቱ ይበልጥብኛል። ወጣቱ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ቱሉዝ ሎትሬክ ግን በዚያው ዓመት በሠራው የራሱ ሥዕል፣ በዚህ ጸጥተኛ ደን ውስጥ የዘመኑን የፓሪስ ሰዎች፣ ራሱንም ጀርባውን ሰጥቶ፣ በመሣል አሹፎበታል። ቺካጎ ያላችሁ አባላት ፑቪ ራሱ የሠራውን አነስ ያለ ቅጂ በከተማችሁ አርት ኢንስቲትዩት ስብስብ ውስጥ ታገኙታላችሁ።