ልጃችን ፖሊስ ልሁን ስላለች

ውድ አበልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ሳልጽፍልሽ መቆየቴ ያሳፍረኛል። እናትሽ ያረፉ ጊዜ ለቅሶ ደርሼ በማግስቱ ወደ ሥራዬ ከተመለስኩ ወዲህ ስልክ እንኳ አለመደወሌ ከልቤ አልወጣም፤ ምክንያት መደርደር አልፈልግም፣ ይቅር በይኝ። ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ባለፈው ሳምንት የክርስትና ልጄ ስለ ደወለችልኝ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ፖሊስ መሆን እንደምትፈልግ፣ አንቺ ደግሞ «እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም» እንዳልሻት ነገረችኝ። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ስትመጡ ሰንዳፋ ላይ ሴት ሠልጣኞች በሰልፍ ሲሮጡ ከአውቶቡሱ መስኮት አይታ ልቧ እዚያው ቀርቷል። እኔ በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለ ቆየሁ፣ ደጉንም ክፉውንም ሳልሸሽግ ልጻፍልሽ።

መግቢያው አንድ ብቻ አይደለም። ፌዴራል ፖሊስ ለራሱ፣ የክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ፖሊስ ኮሚሽኖችም ለየራሳቸው ምልምል ይቀበላሉ። የትምህርት ደረጃውና ቁመቱ በየጊዜው ስለሚለያይ ከሰው ወሬ ሳይሆን ከማስታወቂያው ከራሱ ታንብበው፤ ለሴት የሚጠየቀው ቁመት ግን ከወንድ ዝቅ ያለ ነው። ዕድሜዋ አሥራ ስምንት የሞላ፣ በወንጀል ያልተፈረደባት፣ የየትኛውም የፖለቲካ ፓርቲ አባል ያልሆነች መሆን ይገባታል፤ ከዚያም የሩጫና የአካል ብቃት ፈተና፣ የሐኪም ምርመራና ቃለ መጠይቅ ይጠብቋታል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35 ሴቶች በታሪክ የደረሰባቸው የበታችነት እንዲታረም ልዩ ድጋፍ እንዲደረግላቸው ስለሚደነግግ፣ በምልመላ ጊዜ ለሴቶች ቅድሚያ ቢሰጥ ምጽዋት እንዳይመስላት ንገሪያት።

ሌላው መንገድ አባትሽ አባዲና እያሉ ይጠሩት የነበረው ኮሌጅ ዛሬ የደረሰበት፣ ሰንዳፋ የሚገኘው የኢትዮጵያ ፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ውጤቷ የሚፈቅድላት ከሆነ ዲግሪዋን አስቀድማ ብትይዝ እመርጣለሁ። ከሁሉ ዝቅ ባለው ማዕረግ በኮንስታብልነት የሚጀምር ሰው የሳጅንነትን ደረጃዎች አንድ በአንድ ወጥቶ ረዳት ኢንስፔክተር፣ ማለትም መኮንን፣ እስኪሆን ድረስ ብዙ ዓመታት ያልፋሉ፤ እነዚያ ዓመታት ደግሞ ሴት ልጅ የምታገባባቸውና የምትወልድባቸው በመሆናቸው፣ አብረውኝ ከሠለጠኑት ጎበዞች መካከል ስንቶቹ በዚያው መሐል እንደ ቀሩ አውቃለሁ።

ስለ ሥልጠናው ብዙ አልልሽም። ጎሕ ሳይቀድ መነሣት፣ ሩጫ፣ ሰልፍ፣ ሕግ፣ የጦር መሣሪያ ፈትቶ መግጠም ነው። በእኔ ጊዜ የታደለን ቦት ጫማ ለወንድ እግር የተሠራ ስለ ነበር ጫፉ ላይ አሮጌ ነጠላ ጠቅጥቄ ነበር የምሮጠው፤ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ጥፍር እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። እንዲያም ሆኖ ሰውነት ይለምደዋል።

ያስለቀሰኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መጀመሪያ የተመደብኩበት ጣቢያ ኃላፊ፣ ስሙን አልጠራውም፣ መዝገብ ቤት አስቀምጦኝ ለእንግዶች ሻይ እንዳስመጣና የዕለት ሁኔታ መዝገብ እንድገለብጥ አደረገኝ፤ ከእኔ ጋር የተመረቁት ወንዶች ግን ወንጀል ቦታ ይወጡ፣ የተጠርጣሪ ቃል ይቀበሉ ነበር። ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። ዝምታዬ ጨዋነት መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ጥፋት ነበር። በመጨረሻ ምርመራ ክፍል እንድዛወር በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ሁለቴ ተመልሶብኝ በሦስተኛው ተፈቀደልኝ። ልጃችን ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህንን ትያዝ፤ የምትፈልገውን የሥራ ክፍል በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ትጠይቅ፣ ቅጂውንም ታስቀር።

ሴት የሚያስፈልገው ደግሞ ለቁጥር ማሟያ አይደለም። ሕጉ ሴት ተጠርጣሪ በሴት እንድትፈተሽ ያዝዛል፤ ሌሊት ሴት ተይዛ መጥታ፣ የምትፈትሽ ፖሊስ ከሌላ ጣቢያ እስክትደርስ ድረስ ሰዓታት ሲጠበቅ አይቻለሁ። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት የደረሰባቸው ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናውን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ቦታ የሚያገኙበት ማዕከል አለ፤ እንዲህ ያለ ቦታ ሴት መርማሪ ባይኖር ሥራው ይጎድላል።

አንዲት ልጅ ከዓይኔ አትጠፋም። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ባልደረባዬ፣ ደግ ሰው ነው፣ አንድ ሰዓት ሙሉ እየጠየቃት አንድ ቃል አልወጣትም። እርሱ ከክፍሉ ሲወጣ እኔ ባርኔጣዬን አውልቄ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላትና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ዓርማውን በጣቷ እየዳሰሰች ረጅም ጊዜ ቆየችና «እርስዎም ሴት ነዎት?» አለችኝ፤ ከዚያ በኋላ ቃሏን እስክትጨርስ አላቋረጠችም። መዝገቡ ፍርድ ቤት ደርሶ ጥቃት ያደረሰባት ሰው ተፈረደበት።

ማን ያገባታል ብለሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ። እኔን ባለቤቴ ፖሊስ ነሽ ሳይል አግብቶኛል፤ ሁለት ልጆችም ወልጃለሁ። አዳር ተረኛ ስሆን ግን ሕፃን ጥዬ መውጣት አንጀት ይበላል፤ እናቴ ባትኖር ኖሮ እንዴት እንደምሆን አላውቅም። ከመግባቷ በፊት የአዳሩን ሌሊት ማን እንደሚደግፋት ታስብበት። አደጋ የለውም ብዬም አልዋሽሽም።

ከፈቀድሽ ከመስከረም በፊት እኔ ዘንድ ላኪያት። የትምህርት ማስረጃዋን ዋናውንና ቅጂውን፣ መታወቂያዋንም ትያዝ፤ እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ዳገት ላይ ትሩጥ። አንድ ሳምንት አብራኝ ታድራለች፤ ሴት ባልደረቦቼን አገናኛታለሁ፣ የልቧን ትጠይቃቸው። አንቺም አብረሽ ብትመጪ ደስታዬ ነው፤ የሦስት ዓመቱን ወሬ ያን ጊዜ ቡና እያፈላን እንጨርሰዋለን።

አክባሪሽና ናፋቂሽ፣
አበልጅሽ