በባዶ ሆዴ የዋጥኩት ኪኒን

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ "ጉንፋን ነው" ያልኩሽ ግን ውሸት ነበር፣ እንዳትቆጪኝ።

የሁዳዴ ሁለተኛ ሳምንት ላይ ነው። ጠዋት እንደልማዴ የስኳር ኪኒኔን፣ ግሊቤንክላማይድን፣ በውሃ ዋጥኩና ቅዳሴ ልቆም ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ። ወደ 8 ሰዓት ግድም እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ላቡ ነጠላዬን አራሰው፣ ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት ሲዞሩ አየኋቸው። አጠገቤ የቆሙ ሴትዮ "ጸበል አምጡላት" ሲሉ አንዲት ልጅ "እማማ፣ ስኳር አለብዎት?" አለችና ሮጣ ለስላሳ አመጣችልኝ። ጠጣሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነፍሴ ተመለሰች። ጾሙን በመግደፌ ግን እስካሁን ይከነክነኛል።

ይኸው ስንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ፣ "ቆሽት ኢንሱሊን ያመነጫል" ብዬ በጠመኔ ጽፌ አልፋለሁ እንጂ እንዴት የሚለውን ጠይቄ አላውቅም። ያን የላክሽልኝን የፕሮቲን ሥዕል መነጽሬን አድርጌ ሦስት ቀን አየሁት። የገባኝን ልንገርሽ፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ኢንሱሊን የሚሠራው የቆሽት ሴል፣ ቤታ ሴል፣ ስኳር መምጣቱን የሚያውቀው ስኳሩ ውስጡ ገብቶ ሲቃጠልና ኤቲፒ የሚባለው የሴሉ ጉልበት ሲበዛ ነው። ያቺ ከስምንት ቁራጭ የተገጣጠመች ፕሮቲንሽ፣ አራቱ ፖታሲየም የሚወጣበት በር፣ አራቱ ዙሪያውን የቆሙ ዘበኞች፣ ኤቲፒው ሲበዛ ትዘጋለች። ፖታሲየሙ መውጫ ሲያጣ የሴሉ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ የካልሲየሙ በር ይከፈታል፣ ካልሲየም ሲገባ ተቋጥሮ የተቀመጠው ኢንሱሊን ወደ ደም ይለቀቃል። ፋሲል ግቢ 12 በር አለው እያልን እንኮራለን፣ እኔ ለካ አንዱ ሲዘጋ ሌላው የሚከፈት ግቢ ሆዴ ውስጥ ይዤ ነው የምዞረው!

የኔ ኪኒን ታዲያ ሄዶ ዘበኞቹን ነው የሚይዘው። ስኳር ይምጣ አይምጣ ሳይጠይቅ በሩን ያዘጋል። ሴሉ ድግስ ያለ ይመስለውና ኢንሱሊኑን ይለቃል፣ እኔ ከማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ስኳሬ ወረደ። አንጀት የሚልከው ጂኤልፒ-1 የሚባል ሆርሞን ይሻላል፣ ኢንሱሊኑን የሚያግዘው ስኳር ሲኖር ነው።

ያዘዘልኝ ሰው "ጠዋት ጠዋት አንድ" ብሎ ሸኘኝ። ትጾሚያለሽ ወይ ያለኝ የለም። ጎንደር ላይ፣ ያውም በሁዳዴ! አሁን ሌላ ሐኪም አይቶኝ ከምግብ ጋር ብቻ እንድወስደው አድርጎልኛል። የንስሐ አባቴም ጠዋት እንድቀምስ ፈቅደውልኛል።

ኪኒኑን ልረግመው ነበር። ከዚያ የሕፃናቱን ነገር ነገርሽኝ። ያቺ በር ከተወለዱ ጀምሮ አልዘጋ ያለቻቸው፣ በኢንሱሊን መርፌ የሚኖሩ፤ በፈረንጅ 2004 ምክንያቱ ከታወቀ ወዲህ ግን ብዙዎቹ በዚሁ በኔ ኪኒን መርፌውን ተዉት አልሽኝ። እኔን የጣለኝ እነሱን አነሳ። አልረገምኩትም።

ለፋሲካ ስትመጪ የስኳር መለኪያውን ስትሪፕ ያዢልኝ፣ እዚህ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞሬ አጣሁ። ዶሮው ተገዝቷል። ከረሜላም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ አታስቢ።

እናትሽ