ስለ ጆምባንጉ መቃብርና ስለ ቀድሞ ክርክራችን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን በማጥፋቴ እንዳዘንክብኝ አውቃለሁና ይቅርታህን እለምናለሁ። ሰበብ መደርደር እንደማትወድ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባለፈው ሳምንት ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ጆምባንግ በሚገኘው የቴቡይሬንግ መድረሳ ግቢ፣ ሕዝቡ ጉስ ዱር እያለ የሚጠራቸውን የቀድሞውን የአገሪቱን ፕሬዚዳንት የአብዱራህማን ዋሂድን መቃብር ጎበኘሁ። ድንጋዩ ላይ እዚህ ያረፉት ለሰው ልጅ የቆሙ ሰው እንደሆኑ በዐረብኛም በቻይንኛም ተጽፏል። ቻይንኛውን ሳይ ዕንባዬ መጣ፤ የቻይና ተወላጆች በዓላቸውን በአደባባይ እንዳያከብሩ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የተጣለባቸውን ክልከላ በ2000 የሻሩላቸው እሳቸው ናቸውና።

ዶርም ውስጥ በእሳቸው ነገር ስንት ሌሊት እንዳነጋን አትረሳውም። አንተ አገርን የሚያቆመው ሕግ ነው ስትል እኔ ሰው ነው እል ነበር፤ ግትር እያልክም ታበሽቀኝ ነበር። ትልቁ የሙስሊሞች ድርጅት ናህድላቱል ኡላማ፣ የመጀመሪያውን ፕሬዚዳንት የሱካርኖን ፓንቻሲላ፣ ማለትም አገሪቱ የቆመችባቸውን አምስት መርሆች፣ በ1984 መሠረቱ አድርጎ ሲቀበል ግንባር ቀደም የነበሩት ጉስ ዱር፣ የማልለቃቸው ማስረጃዬ ነበሩ። በሐምሌ 2001 ከፕሬዚዳንትነት በተሻሩበት ምሽት በቁምጣ ሆነው ከቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ለደጋፊዎቻቸው እጃቸውን ሲያውለበልቡ የታዩበት ምስል ዛሬም ከዓይኔ አይጠፋም።

አሁን ግን ልናዘዝልህ። በ2007 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩ ጉስ ዱር የደገፏቸው፣ ክርስቲያንና የቻይና ተወላጅ የሆኑት ባሱኪ ፑርናማ፣ የጃካርታ ገዥ ሆነው ሳለ በ2017 ሃይማኖት ሰድበዋል ተብለው ሁለት ዓመት ተፈረደባቸው። እሳቸውን ያወገዘውን የዑለማ ምክር ቤት ይመሩ የነበሩት ማሩፍ አሚን ደግሞ የዚያው የናህድላቱል ኡላማ የበላይ ሼህ ነበሩ፤ በ2019 ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። አንድ ትልቅ ሰው የከፈተውን በር ከዚያው ቤት የወጣ ሌላ ትልቅ ሰው ከዘጋው፣ ሰው ነው ያልኩት ነገር ምን ላይ ሊቆም ነው? እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

ይበልጥ የከነከነኝ ደግሞ፣ ጉስ ዱር ራሳቸው በ2009 ከሌሎች ጋር ሆነው፣ በኋላ ባሱኪ የተከሰሱበት ይኸው የሃይማኖት ስድብ ሕግ እንዲሻር ለሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ማመልከታቸው ነው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዐረፉ፤ ፍርድ ቤቱም በ2010 አቤቱታውን ውድቅ አደረገው። የእኔ ሰው በመጨረሻ የሄዱት ወደ አንተ ሕግ ነበር።

በሚመጣው ወር ይህንን ለተማሪዎቼ ማስተማር አለብኝ። ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ይህን መጠየቅ ይከብደኛል፤ ቢሆንም የፍርዱን ሐተታ ብልክልህ በሕግ ዓይን አይተህ ትጽፍልኛለህ?